አርባ ምንጭ ላይ ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል? የጀነራል ኬሚስትሪ ላብ ሲገመገም

እስቲ አንድ ነገር እንሞክር። አርባ ምንጭ ናችሁ እንበል። ንጹህ ውሃ ጣዱ፤ ሲፈላ ቴርሞሜትር አስገቡበት፤ ጫፉ የድስቱን ታች እንዳይነካ ብቻ ተጠንቀቁ። ውሃው እየተንተከተከ ነው፤ ቴርሞሜትሩ ግን 96 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ደርሶ ቆሟል። እሳቱን ብትጨምሩም ንቅንቅ አይልም። «ይሄ ቴርሞሜትር ተበላሽቷል» ብላችሁ ሌላ ብታመጡም ያው ነው።

አሁን ጥያቄው ይሄ ነው፦ የላብ ሪፖርታችሁ ላይ ስንት ብላችሁ ትጽፋላችሁ?

እኔ በመጀመሪያ ዓመቴ 100 ብዬ ጽፌአለሁ። የተማርኩበት ግቢ ከጫሞ ሩቅ፣ ደጋ ላይ ስለነበር ቴርሞሜትሩ ያሳየኝ እንዲያውም 92 ነበር። መጀመሪያ 92 ጻፍኩ። ከዚያ አጠገቤ ያለው ቡድን 100 ብሎ መጻፉን አየሁ፤ መጽሐፉም 100 ይላል፤ በቃ ሰረዝኩት። ሙሉ ነጥብ አገኘሁ። ያየችውን «91.5» ብላ የጻፈች የክፍላችን ልጅ ግን «ከትክክለኛው ዋጋ የራቀ» ተብሎ ነጥብ ተቀነሰባት። ትክክል የነበረችው እሷ ናት። እኔ የተሸለምኩት ለውሸቴ ነው።

ይህን የማነሳው የድሮ ቂም ልወጣ ብዬ አይደለም። ሪፖርቱን ያረመው ሰው በሳምንት የሚያርመው ወረቀት ስንት እንደሆነ አሁን ይገባኛል። የማነሳው ብዙዎቻችሁ በቅርቡ ያንኑ ኮርስ ስለምትወስዱ፣ አንዳንዶቻችሁም አሁን እየወሰዳችሁት ስለሆነ ነው። ኮርሱ ብዙ ጥሩ ነገር አለው። ላቡ ግን በአብዛኛው አንድ መጥፎ ልማድ ያስተምራል፦ ከዓይናችሁ ይልቅ መጽሐፉን ማመን።

ኮርሱ ራሱ

በ2012 ዓ.ም. የፍሬሽማን ፕሮግራም ወደ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ሲመለስ ለአዲስ ገቢዎች የጋራ ኮርሶች ተዘጋጁ። በወቅቱ የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ካወጣቸው ሞጁሎች አንዱ ጀነራል ኬሚስትሪ ነው። ከመለኪያና ከአሃዶች ይነሳል፤ በአቶም፣ በሞል፣ በስቶይኪዮሜትሪ፣ በኬሚካል ቦንድ፣ በኢኩሊብሪየም፣ በአሲድና ቤዝ በኩል አልፎ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ላይ ያበቃል። በሌላው ዓለም ያሉ የመጀመሪያ ዓመት መጻሕፍትም ከዚህ ብዙ የተለየ መንገድ የላቸውም። በአሜሪካ ራይስ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ኦፕንስታክስ እ.ኤ.አ. በ2015 በነጻ ያወጣውን የኬሚስትሪ መጽሐፍ ገልጣችሁ ብታዩ ቅደም ተከተሉ ይመሳሰልባችኋል። የአርባ ምንጭ፣ የጎንደርና የሂውስተን ፍሬሽማን ተማሪ አንድ ቋንቋ ይማራሉ ማለት ነው፤ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ጥሩ ጎኑን በግልጽ ልናገር። ሞልን የሚያህል ሐሳብ ጥቂት ነው። በዓይን የማይታየውን አቶም በሚዛን ላይ «መቁጠር» የምትችሉት በእሱ ነው። እኔ ኢንጂነሪንግ ውስጥ እስከ ዛሬ በየቀኑ የምጠቀምበት ስቶይኪዮሜትሪ ከዚያ ኮርስ የመጣ ነው። ደግሞም የኮርሱ መጀመሪያ ላይ ስለ መለኪያ የሚነገረው ነገር ትክክል ነው፦ ማንኛውም መለኪያ እርግጠኛ ያልሆነ አሃዝ አለው፤ የተቀራረበ ውጤት ማግኘት አንድ ነገር ነው፣ ወደ እውነተኛው ዋጋ መቅረብ ሌላ ነገር ነው፤ ከመሣሪያችሁ በላይ አሃዝ አትጻፉ።

ችግሩ ይሄ ትምህርት ፈተና ላይ ሁለት ጥያቄ ሆኖ ያልፍና በዚያው መረሳቱ ነው። ላብ ስንገባ ተመልሶ መምጣት ሲገባው ሌላ ነገር ይመጣል።

4.3 ከመቶ «ስህተት»

የተለመደውን የሪፖርት ቅርጽ ታውቁታላችሁ፦ ዓላማ፣ መሣሪያ፣ አሠራር፣ ውጤት፣ ማጠቃለያ። ውጤቱ ሥር ብዙ ጊዜ «የስህተት መቶኛ» የሚባል ሒሳብ አለ። ከትክክለኛው ዋጋ ላይ የለካችሁትን ትቀንሱና ለትክክለኛው ዋጋ አካፍላችሁ በመቶ ታባዛላችሁ።

እስቲ አርባ ምንጭ ላይ እንሥራው። ከተማዋ ከባህር ጠለል በላይ በግምት 1,285 ሜትር ላይ ናት። ውሃ የሚፈላው ከውስጡ የሚነሳው የእንፋሎት ግፊት ከላይ ከሚጫነው የአየር ግፊት ጋር እኩል ሲሆን ነው። ከፍ ባላችሁ ቁጥር ከላያችሁ ያለው አየር ይቀንሳል፤ ስለዚህ ውሃው ገና 100 ሳይደርስ ያሸንፈዋል። በግምት በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ይወርዳል ብላችሁ ያዙ። 1,285ን ለ300 ብታካፍሉ 4.3 ነው፤ ስለዚህ አርባ ምንጭ ላይ ውሃ በ95.7 ይፈላል። ይህንን «100 ነው ትክክሉ» በሚለው ቀመር ስታስገቡት 4.3 ከመቶ ስህተት ይሰጣችኋል። 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ያለው የአዲስ አበባ ተማሪ ደግሞ 92 አግኝቶ 8 ከመቶ «ተሳስቷል»። ሁለቱም ግን አንዳች አልተሳሳቱም። የተሳሳተው «ትክክለኛ ዋጋ» በሚለው ቦታ የገባው ቁጥር ነው። 100 ዲግሪ የሚሠራው በባህር ጠለል የአየር ግፊት ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ያለው ማንኛውም ትልቅ ከተማ ደግሞ ከባህር ጠለል በላይ ነው። በተቃራኒው ዳሎል ብትወርዱ፣ ከባህር ጠለል በታች ስለሆነ፣ ንጹህ ውሃ ከ100 በጥቂቱ አልፎ ይፈላል።

ሌላም አለ። ያንኑ ሒሳብ በኬልቪን ሥሩት። 4.3ን ለ373 ስታካፍሉ ስህተቱ ወደ 1.2 ከመቶ ይወርዳል። ቴርሞሜትሩ ያው፣ ውሃው ያው፣ ንባቡም ያው፤ ግን «ስህተታችሁ» ወደ ሩብ ገደማ ወረደ። ለምን? የሴልሺየስ ዜሮ እኛ የመረጥነው የበረዶ መቅለጫ ነጥብ እንጂ የሙቀት መነሻ ስላልሆነ ነው። በሴልሺየስ የተሠራ የስህተት መቶኛ ትርጉም የለውም። ስለ አሃዶች ያስተማረን ኮርስ ላብ ውስጥ ሲገባ የራሱን ትምህርት ሲረሳ የምናየው እዚህ ላይ ነው።

ዋናው ጉዳት ግን ሒሳቡ ላይ አይደለም። መልሱ ቀድሞ የሚታወቅ ከሆነና ነጥብ የሚሰጠው ለመልሱ ቅርበት ከሆነ፣ ብልህ ተማሪ ምን ያደርጋል? ከመልሱ ተነስቶ ወደ ኋላ ሄዶ ዳታ «ይሠራል»። ሁላችንም አይተነዋል፤ ካለፈው ዓመት ተማሪ የተወረሰ ሪፖርት በዶርም ሲዞር ያላየ ማን አለ? ይህንን የተማሪ ስንፍና ብሎ ማለፍ ይቀላል። እኔ ግን ፈተናው ራሱ ነው እንዲህ አድርጉ ያለው እላለሁ።

«ጀማሪ እኮ ናቸው» ለሚለው

እዚህ ላይ አስተማሪዎች የሚያነሱት ክርክር አለ፤ ቀላል አይደለም። «ፒፔት መያዝ ያልቻለ ልጅ ምን ምርምር ይሠራል? መጀመሪያ የታወቀውን ይድገምና እጁን ያፍታታ» ይላሉ።

ግማሹን እቀበላለሁ። ቡሬት ማንበብ፣ ቲትሬሽን ላይ ጠብታዋን መቁጠር፣ አሲድን ወደ ውሃ እንጂ ውሃን ወደ አሲድ አለመጨመር፣ እነዚህ ሁሉ በድግግሞሽ የሚገኙ ናቸው። መጠኑ የታወቀ አሲድ ሰጥቶ «ስንት አገኛችሁ?» ማለት ጥሩ ነው። ያ ግን እጅንና መሣሪያን መፈተሻ ነው፤ ሚዛን ላይ ከመመዘናችሁ በፊት የታወቀ ክብደት አስቀምጣችሁ እንደምታረጋግጡት። ነጋዴ ሚዛኑን ሲፈትሽ ቢውል ሸጠ አይባልም። ሴሚስተሩን ሙሉ የታወቀውን ስንደግም ከቆየን ሚዛን ስንፈትሽ ውለን ሳንመዝን ወደ ቤት ሄድን ማለት ነው።

ታሪኩም ቢሆን ይሄንን ነው የሚለው። የኬሚስትሪ ተማሪ ላብ ውስጥ እየሠራ ይማር የሚለውን ዘዴ ያስፋፋው ጀርመናዊው ዩስቱስ ፎን ሊቢግ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1824 ጀምሮ በጊሰን። የእሱ ተማሪዎች ጀማሪዎች ነበሩ። ግን የሚሰጣቸው ምንነቱን የማያውቁትን ነገር ነበር፤ «ውስጡ ምን አለ?» የሚለውን ፈልገው ማግኘት ነበረባቸው። ላብ ሲወለድ ጥያቄ ነበር ማለት ነው። ማረጋገጫ ብቻ ያደረግነው ተማሪው ሲበዛና ጊዜው ሲያጥር ነው።

ጫሞ ዳር ያለ ላብ

እሺ፣ ታዲያ ጥያቄ ከየት ይምጣ? ከጀርመን ማስመጣት አያስፈልግም። አርባ ምንጭ ላይ ሆናችሁ ወደ ታች ተመልከቱ። ሁለት ሐይቅ ጎን ለጎን ተኝቷል፤ በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ የሚባለው መሬት ብቻ አለ። በሰሜን ያለው አባያ ከ1,100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ውሃው ቀይ ቡናማ ነው። በደቡብ ያለው ጫሞ ከ300 ካሬ ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ውሃው ግን ወደ አረንጓዴና ሰማያዊ ያደላል። ከተማዋ ደግሞ ስሟን ያገኘችው ከጫካው ሥር ከሚፈልቁት ምንጮች ነው። ሦስት ዓይነት ውሃ፣ በአንድ ቀን የሚደረስበት ርቀት ላይ። የጀነራል ኬሚስትሪ ላብ ማንዋል የሚጽፍ ሰው ከዚህ የተሻለ ምን ይመኛል?

አንደኛው ጥያቄ፦ አባያ ለምን አይጠራም? ብላቴን የመሰሉ ወንዞች ከደጋው የሚያመጡት ብረት ያለበት ቀይ አፈር ውስጡ ተንሳፎ ይኖራል። አሸዋ ቢሆን ኖሮ በደቂቃዎች ይዘቅጥ ነበር። የሸክላ አፈር ቅንጣቶች ግን እጅግ ደቃቅ ናቸው፤ ላያቸው ላይም ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላለ እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ ስለዚህ ተያይዘው አይከብዱም፣ አይሰምጡም። ኮሎይድ የሚባለው ይሄ ነው። ጥልቀት በሌለው ሐይቅ ላይ ነፋሱ ሲያማስል ደግሞ የዘቀጠውም ተመልሶ ይነሳል።

አሁን ሽፈራውን አስቡ። ጋሞና ኮንሶ ውስጥ ቅጠሉ የሚበላው ያ ዛፍ ፍሬው ውስጥ ፖዚቲቭ ቻርጅ ያለው ፕሮቲን አለው። ፍሬውን ልጣችሁ ወቅጣችሁ በትንሽ ውሃ አሟሙት፤ በንጹህ ጨርቅ አጥልላችሁ ድፍርስ ውሃ ላይ ጨምሩት። ለአንድ ደቂቃ በፍጥነት፣ ከዚያ ለ10 ደቂቃ ያህል በዝግታ አማስሉና ተዉት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ቅንጣቶቹ ተያይዘው ወደ ታች ሲወርዱ ታያላችሁ። የውሃ ማጣሪያ ጣቢያዎች አሉሚኒየም ሰልፌት የሚጨምሩት ለዚሁ ሥራ ነው። ልብ በሉ፤ ውሃው ጠራ ማለት ከጀርም ነጻ ሆነ ማለት አይደለም፤ እንዳትጠጡት።

የዚህ ሙከራ ውበቱ መልሱ በመጽሐፍ አለመኖሩ ነው። ለአንድ ሊትር ስንት ፍሬ ይበቃል? ብዙ ሲጨመርስ ለምን መልሶ ይደፈርሳል? ዝናብ በዘነበ ማግስትና በበጋ የተቀዳ ውሃ አንድ መጠን ይፈልጋሉ? አንዱ ቡድን ከሌላው የተለየ ቁጥር ያመጣል፤ «የማን ነው ትክክል?» የሚለው ክርክር ደግሞ ያንን የተረሳውን የመለኪያ ምዕራፍ ወደ ላብ ይመልሰዋል።

ሁለተኛው ጥያቄ እኔ ራሴ የተያዝኩበት ነው። ለምርምሬ ከጫሞ የመጣ ውሃ ላይ ቲትሬሽን እሠራ ነበር፤ ውሃው አሲድ የመቋቋም አቅሙ ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ። አሲዱን አንጠባጥባለሁ፣ አንጠባጥባለሁ፤ የኢንዲኬተሩ ቀለም አልለወጥ አለ። ቡሬቱ አለቀ። አሲዱን አሳስቼ ነው ያዘጋጀሁት ብዬ ደፋሁትና አዲስ ሠራሁ። ያው ሆነ። በሦስተኛው ዳታውን ጥዬ ሌላ ናሙና ልጠይቅ ስል የላቡ ቴክኒሽያን፣ በዕድሜ የሚበልጡኝ ሰው፣ መጡና «ከየት የመጣ ውሃ ነው?» አሉኝ።

«ከጫሞ ነው፣ ጋሼ።»

ሳቁ። «ታዲያ ምን ጠበቅህ?»

ልክ ናቸው። የስምጥ ሸለቆ ድንጋይ እሳተ ገሞራ የወለደው፣ ሶዲየም የበዛበት ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሟሟበት ውሃ ያንን ድንጋይ ሲበላው ሶዲየምና ባይካርቦኔት ይዞ ይወጣል። ጫሞ ደግሞ ውሃውን በዋናነት የሚያጣው በትነት ነው፤ ውሃው ይሄዳል፣ ጨዉ ይቀራል። ካልሲየሙ ከካርቦኔት ጋር ተጣምሮ ኖራ ሆኖ ይዘቅጣል፤ ሶዲየሙ ግን ሟሙቶ ይቆያል። ለዚህ ነው የጫሞ ፒኤች ከ8 በላይ፣ ብዙ ጊዜም ወደ 9 የሚጠጋው፤ ለዚህም ነው አሲዴን እንደ ስፖንጅ የጠጣው። ይህንን ሁሉ የሚያስረዳው ኬሚስትሪ የአሲድና ቤዝ ምዕራፍ ውስጥ አለ፤ ፈተናውንም ጥሩ ነው የሠራሁት። ግን ቁጥሩ ከጠበቅኩት ሲለይ በደመ ነፍስ ያደረግኩት ያንኑ የመጀመሪያ ዓመት ነገር ነው፦ ያየሁትን ልሰርዝ።

ዓመታት የወሰደብኝን ይሄን ትምህርት አንድ የላብ ከሰዓት በኋላ ሊያስተምረኝ ይችል ነበር።

ናሙና ልትቀዱ ከሆነ ግን አንድ ነገር፦ ጫሞ ዳር ብቻችሁን አትውረዱ። ሐይቁ በአዞና በጉማሬ የታወቀ ነው፤ አዞ ደግሞ የላብ ደንብ አያነብም። ከአካባቢው ሰው ጋር፣ አስተማሪ ባለበት፣ ከሚታወቅ ቦታ ይቀዳ።

ጥርስ ላይ የሚታይ ኬሚስትሪ

«ታዲያ አንድ ፍሬሽማን 92 የነበረውን 100 ብሎ ቢጽፍ ማን ይሞታል?» ትሉኝ ይሆናል። ያን ቀን ማንም አይሞትም። ግን ያ ልጅ ነገ የውሃ ጥራት ላብ ውስጥ ይቀጠራል።

በስምጥ ሸለቆ በብዙ ቦታ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ገደብ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከዚያ ሲያልፍ የልጆች ጥርስ ቡናማ ይሆናል፤ በጣም ሲበዛና ለዓመታት ሲጠጣ አጥንትንም ይጎዳል። ለምን እዚህ በዛ? መልሱ አሁን የነገርኳችሁ ላይ አለ። ካልሲየም በበቂ መጠን ያለበት ውሃ ፍሎራይዱን ካልሲየም ፍሎራይድ አድርጎ ያዘቅጠዋል። ሶዲየም ባይካርቦኔት የበዛበትና ካልሲየም ያነሰበት ውሃ ግን የሚያዘቅጠው ስለሌለው ፍሎራይዱን ይዞ ይኖራል። ከመጽሐፉ የኢኩሊብሪየም ምዕራፍ እስከ አንድ ልጅ ፈገግታ ድረስ ያለው ርቀት ይህን ያህል አጭር ነው።

አንድ ቴክኒሽያን የአዲስ ጉድጓድ ውሃ ሲለካ መሣሪያው 3 ቢያሳየው፣ አጎራባች ጉድጓዶች ደግሞ 1 ቢሆኑ፣ ምን ያደርጋል? «ተሳስቻለሁ» ብሎ 1 ይጽፋል? ወይስ ደግሞ ለክቶ፣ መሣሪያውን በታወቀ ሙሙት ፈትሾ፣ «3 ነው» ብሎ ይከራከራል? ይህ ውሳኔ የሚለመደው በዚያች የውሃ ማፍላት ሙከራ ቀን ነው።

ዕቃ የለም ለሚለው

ሁለተኛው ክርክር የዕቃ ነው። ኬሚካል ውድ ነው፤ አንድ ቡሬት ለስምንት ተማሪ ነው፤ ሁለቱ ይሠራሉ፣ ስድስቱ ይመለከታሉ። እውነት ነው።

ግን በዚህ ላይ ከእኛ በፊት ያሰቡ አሉ። ማይክሮስኬል ኬሚስትሪ የሚባል ዘዴ አለ፤ በሚሊ ሊትር ይሠራ የነበረውን በጠብታ መሥራት ነው። በመስታወት ቢከር ፋንታ ትናንሽ ጉድጓዶች ያሉት ፕላስቲክ ሳህን፣ በቡሬት ፋንታ ጠብታ መቁጠሪያ። ኬሚካሉ ይቀንሳል፣ አደጋው ይቀንሳል፣ ቆሻሻው ይቀንሳል፤ ሁሉም ተማሪ እጁን ያስገባል። በደቡብ አፍሪካ ዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ ጆን ብራድሊ፣ በእኛ አገር ደግሞ የኬሚስትሪ ትምህርት ተመራማሪው ተመቸኝ እንግዳ ለዚህ ዘዴ ብዙ ደክመዋል። ተመቸኝ የሚያዘጋጁት፣ የአፍሪካ ኬሚስትሪ ማኅበራት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የሚያወጣው የአፍሪካ የኬሚስትሪ ትምህርት ጆርናልም ስለዚህ የተጻፉ ጥናቶችን አውጥቷል።

ከዚያም የቀለለ አለ። ከርከዴ አፍሉና ቀዩን ውሃ ቀዝቅዞ ያዙት፤ ያ ኢንዲኬተር ነው። ሎሚ ላይ ሲገባ ይበልጥ ይቀላል፤ ቤዝ የሆነ ውሃ ላይ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይሄዳል። ከርከዴው ራሱ አሲድ ስላለው ብዙ ውሃ ላይ ጥቂት ጠብታ ብቻ ጨምሩ። የምንጩን ውሃና የጫሞን ውሃ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ እኩል ጠብታ ጨምሩና ተመልከቱ። ቁጥር አይሰጣችሁም፤ ጥያቄ ግን ይሰጣችኋል።

የራሴን ሐሳብ ድክመትም ልናገር። መልሱ ያልታወቀ ሙከራ ለማረም ከባድ ነው። አስተማሪው ተማሪ ፊት «አላውቅም፣ እንየው» ለማለት መድፈር አለበት፤ ይህ በእኛ ባህል ቀላል አይደለም። ትልቅ ክፍል ላለው አስተማሪ ደግሞ የእያንዳንዱን ማብራሪያ ማንበብ ጊዜ ይበላል። ስለዚህ ኮርሱ በአንድ ጊዜ ይገልበጥ አልልም። የምለው ትንሽ ነገር ነው፦ ከሴሚስተሩ ላቦች ሁለቱ መልሳቸው የማይታወቅ ይሁን። ነጥቡም ይከፋፈል፤ ከ10 ነጥብ 3 ለቁጥሩ፣ 7 «ቁጥሩ ለምን እንዲህ ሆነ?» ለሚለው። እና «ትክክለኛ ዋጋ» የሚለው ሳጥን ውስጥ ከመሙላታችን በፊት «የት? በምን ግፊት?» የሚል አንድ መስመር ይጨመር። ይህ ዕቃም በጀትም አይጠይቅም፤ ማንዋሉ ላይ አንድ ገጽ መለወጥ ነው።

እስከዚያው ግን ማንዋሉ እስኪለወጥ አትጠብቁ። ላብ ስትገቡ በእስክሪብቶ ጻፉ፣ የጻፋችሁትን አትፋቁ። የተለየ ቁጥር ካገኛችሁ ከሥሩ «ከተጠበቀው ይለያል፤ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል» ብላችሁ አንድ መስመር ጨምሩ። ያንን መስመር አንብቦ ነጥብ የሚቀንስ አስተማሪ ሊያጋጥማችሁ ይችላል፤ አክብራችሁ ጠይቁት፣ ከፍታውንና ሒሳቡን አሳዩት። አብዛኛው አስተማሪ እንዲህ ያለ ተማሪ ሲመጣለት ደስ ይለዋል፤ እኔ አሁን በማግዝበት ላብ እንደዚያ ያለ ሪፖርት ሲገጥመኝ ቀኔ ይበራል።

ዛሬ ማታ ቤት ውስጥ የምትጀምሩበት ሥራም አለ። የከተማችሁን ከፍታ ፈልጉ፤ ለ300 አካፍሉና ከ100 ላይ ቀንሱ፤ ያገኛችሁትን ወረቀት ላይ ጻፉ። ከዚያ ቴርሞሜትር ከየትም ተዋሱና ውሃ አፍሉ። ዘመድ ጨንቻ ካላችሁ ስልክ ደውሉና እዚያም እንዲያደርጉ ንገሯቸው፤ 2,700 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆኑ 91 አካባቢ ማግኘት አለባቸው። ባቄላ ጨንቻ ላይ ከአርባ ምንጭ ይልቅ ለምን ቶሎ እንደማይበስልም በዚያው ይገባችኋል። ሁለቱ ቁጥሮች፣ የገመታችሁትና የለካችሁት፣ ካልተገጣጠሙ አንዱንም አትሰርዙ። ጎን ለጎን ጻፏቸውና ከሥራቸው «ለምን?» ብላችሁ ጀምሩ።